የጥያቄ ምልክቷ፤ ስለ ዶክተር ታደሰ ኪጴ ምርምርና ስለ ጌዴኦ ጓሮ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ «ገበሬ» ከሚለው ቃል አጠገብ የሚገኘው ሥዕል ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ጥንድ በሬ፣ ቀንበር፣ ማረሻ፣ ከኋላም ጅራፍ የያዘ ሰው። ከመካከላችን የጌዴኦ ልጆች የሆንነው ያንን ሥዕል አይተን ማታ ወደ ቤት ስንመለስ፣ የገዛ አባታችን ገበሬ መሆኑን እስከ መጠራጠር እንደርስ ነበር። በቤታችን ዙሪያ የሚጠመድ በሬ የለም፤ ማረሻ የለም፤ ታርሶ የተገለበጠ መስክም የለም። ያለው እንሰት ነው፤ ከእንሰቱ ጥግ ቡና ነው፤ ከሁለቱም በላይ ብርብራና ዋንዛ ቆመው ጥላቸውን ጥለዋል። ከሰሜንና ከመካከለኛው አገር የመጣነው ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውቶቡስ ወደ ዲላ ስንገባ በመስኮት ያየነውን ሁሉ ጫካ ነው ብለን አለፍነው። ጫካ ባልነው ውስጥ ሰው እንደሚኖር ያወቅነው ከዛፎቹ መካከል የምድጃ ጭስ ሲወጣ አይተን ነው።

ሁለቱም ስሕተቶች ምንጫቸው አንድ ነው። እርሻ ማለት ዛፍ የሌለበት ቦታ፣ ጫካ ማለት ደግሞ ሰው የሌለበት ቦታ እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረን ተምረናል። በዚህ እትም ልናስተዋውቃቸው የፈለግናቸው የሥነ ምህዳር ሊቅ ይህንን ስሕተት በምርምር ፊት ለፊት የገጠሙ ሰው ናቸው። ስማቸው ዶክተር ታደሰ ኪጴ ይባላል። ከዚሁ ከጌዴኦ ምድር የወጡ፣ በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የዶክትሬት ድርሳናቸውን ያቀረቡ፣ በዲላ ዩኒቨርሲቲም ያስተማሩ ምሁር ናቸው። የድርሳናቸው አርእስት ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» የሚል ሲሆን፣ ጥናቱ ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም መሆኑ ከሥሩ ተጽፏል። አንባብያን በአርእስቱ መጨረሻ ላይ ያለችውን ምልክት ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ስለዚያች የጥያቄ ምልክት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያየውን ይዞ ይመጣና አገሩን በዚያ መስፈርት ይለካል፤ ልኩ አልገጥም ሲለውም ጥፋቱን በአገሩ ላይ ያደርጋል። ዶክተር ታደሰ ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነው። የመመራመሪያውን ዘዴ ከዚያ ወሰዱ፤ የሚመረመረውን ነገር ግን ከአባቶቻቸው ጓሮ አመጡ።

የምርምር መሪያቸው ፕሮፌሰር ኦልደማን ነበሩ። እኚህ ሆላንዳዊ የደን ሊቅ ቀደም ሲል በደቡብ አሜሪካ፣ በፈረንሳይ ጉያና ደን ውስጥ የሠሩ ሲሆን፣ ከፈረንሳዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ከፍራንሲስ ሃሌ ጋር ሆነው በ1970 (እ.ኤ.አ.) የሐሩር አገር ዛፎች አካላቸውን እንዴት እንደሚገነቡ የሚያስረዳ ሥራ አሳተሙ። ቅርንጫፉ መቼ እንደሚወጣ፣ ወደ ላይ ወይስ ወደ ጎን እንደሚሄድ፣ አበባው ከጫፍ ወይስ ከጎን እንደሚፈነዳ እያስተዋሉ፣ ቶምሊንሰን የሚባሉ ሦስተኛ ሊቅ ተጨምረው በ1978 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት መጽሐፍ የዛፎችን አስተዳደግ በ23 ንድፎች አጠቃለሉት። ከዚያ ወዲያ ኦልደማን ከአንዱ ዛፍ ወደ ዛፎች ስብስብ፣ ከስብስቡም ወደ ደኑ ተሻገሩ። አስተያየታቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ ደን የዛፎች ድምር አይደለም። ዛፎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ደኑን ገና አላየውም። ዛፉ በቡድኑ ውስጥ፣ ቡድኑ በደኑ ውስጥ፣ ደኑ በምድሩ ውስጥ እንዴት እንደተያዘ ማየት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለውን አካሄድ ሁለንተናዊ ሳይንስ ይሉታል። በፈረንጅ አፍ «ሆሊዝም» የሚባለው ቃል በ1926 (እ.ኤ.አ.) ያን ስመትስ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ጄኔራልና ፖለቲከኛ በጻፈው መጽሐፍ የተፈጠረ ነው። ሙሉነትን የሰበከው ይህ ሰው በገዛ አገሩ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው እንዲኖሩ የሚደግፍ ነበርና፣ ቃሉ ከመነሻው ጥርጣሬ ቢከተለው አያስደንቅም። እንግሊዛዊው ታንስሊ በ1935 (እ.ኤ.አ.) «ኢኮሲስተም» የሚለውን ስም ያወጣው፣ የስመትስ ተከታዮች ስለ ዕፀዋት ማኅበር የሚያስተምሩትን ለመቃወም በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ነበር። ዛሬ በየክፍላችን እንደ ጸሎት የምንደግመው ቃል በክርክር መካከል የተወለደ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። እኛም ይህንን ያነሣነው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም፤ «ሙሉውን እንይ» የሚል ሰው ማን እንደሆነና ከሙሉው ውስጥ ማንን እንደተወ መጠየቅ ተገቢ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ወደ ጓሮው እንግባ። ኦልደማን ካስተማሯቸው ሐሳቦች አንዱ የደን ቁራጭ ሐሳብ ነው። በደን ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ብርሃን የሚገባበት ክፍት ቦታ ይፈጠራል። በዚያ ክፍት ቦታ በአንድ ጊዜ የበቀሉት ሁሉ አብረው ያድጋሉ፤ ተጋፍተው ይረዝማሉ፤ ከዚያ ረግተው ይኖራሉ፤ በመጨረሻም አርጅተው ይወድቃሉ። ደኑ በሙሉ እንዲህ ዕድሜያቸው የተለያየ ቁራጮች የተጣፉበት ልብስ ነው። አንዱ ጥግ ሲያረጅ ሌላው ጥግ ገና ይጀምራል፤ ስለዚህ ቁራጩ ይሞታል እንጂ ደኑ አይሞትም።

አሁን የጌዴኦን ገበሬ ሥራ በዚህ ዓይን እንመልከተው። ከአንዱ የእንሰት ሥር ብዙ ችግኝ ያወጣል፤ ችግኙን አንድ ቦታ ያሳድገዋል፤ ጥቂት ሲጠነክር አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል፤ የደረሰውን ደግሞ በተራው ይነቅላል። ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ የዘንድሮው፣ የአምናው፣ የካች አምናውና ለመፋቅ የደረሰው እንሰት ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ትልቅ ዛፍ መቁረጥ ሲያስፈልግ በመጀመሪያ ሰው ወጥቶ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ያወርዳቸዋል፤ ግንዱ ሲወድቅ ከሥሩ ያለውን ቡናና እንሰት እንዳይጨፈልቀው ነው። በተከፈተው ብርሃን ውስጥ ወዲያው ይተከላል። በሌላ አነጋገር፣ በጉያና ደን ውስጥ ንፋስና እርጅና የሚሠሩትን እዚህ ሰው አስቦበት ይሠራዋል። ለእኛ የዶክተር ታደሰ ሥራ እምብርቱ ይህ ነው። «ኋላ ቀር ጓሮ» ሲባል የኖረው ነገር ደን በሚመረመርበት ዘዴ ሲመረመር ራሱን የሚያድስ ደን ሆኖ ተገኘ።

ብርብራውን ብቻ እንኳ ብንወስድ ብዙ ይናገራል። በሰሜኑ ክፍል ብርብራን የምናውቀው ፍሬው ተወቅጦ ዓሣ የሚያደነዝዝ ዛፍ በመሆኑ ነው። በጌዴኦ ግን የቡናና የእንሰት ጥላ ነው። ከባቄላና ከአተር ወገን ስለሆነ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር ሆኖ ናይትሮጂንን ከአየር ወደ አፈር ያገባል፤ ቅጠሉም ረግፎ ቶሎ ይበሰብሳል። ማዳበሪያ በከረጢት ከመምጣቱ በፊት ማዳበሪያው ከላይ ይዘንብ ነበር ማለት ነው። ገደላማው ምድር እርከን ሳይሠራለት አፈሩ ታጥቦ ወደ አባያ ሐይቅ ያልወረደውም ይኸው የቅጠል ምንጣፍ ስለያዘው፣ ደግሞም ማረሻ ስላልፈነቀለው ነው።

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስድስት ሆነን ከዲላ ወደ ቡሌ በሚያወጣው መንገድ ተጓዝን። ሐሳባችን ቀላል ነበር፤ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ከልለን በውስጡ ያለውን ዕፅ ሁሉ መቁጠር። የአንዲት እናት ጓሮ ተፈቀደልን። ከመካከላችን ጌዴኡፋ የሚናገረው አስተርጓሚ ሆነ። መጀመሪያ ስንቆጥር አንድ ቁጥር አገኘን፤ ደግመን ስንቆጥር ሌላ ቁጥር አገኘን፤ ሦስተኛ ጊዜ ለመቁጠር ድፍረት አጣን። ችግሩ ዓይናችን አልነበረም። ምን እንደሚቆጠር አለማወቃችን ነው። «እማማ፣ ይሄ አረም ነው?» ስንላቸው «እሱ የጥጃዋ ነው» አሉን። «ይህችስ?» ስንል «እሷ ሆድ ለቆረጠው ነች» አሉ። «ይህን የወደቀ ቅጠል ለምን አልጠረጉትም?» ያለው ከእኛ መካከል የግብርና ተማሪ የሆነው ነው፤ እሳቸው አስተርጓሚውን ትክ ብለው አዩትና ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ከዚያ በኋላ «ልጆቼ፣ የመሬቱን ምግብ ጠርጌ መሬቱ ምን ይብላ?» አሉን። በደብተራችን ላይ «አረም» ብለን ከጻፍናቸው ውስጥ ስንቱን እንደሰረዝን እዚህ ባንናገር እንመርጣለን።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ከመካከላችን ብዙዎቹ የታደሰ ኪጴን ድርሳን በቁም ነገር መፈለግ የጀመሩት። ቤታችን ያለውን ነገር ስም ለማወቅ መጽሐፍ ፍለጋ መሄዳችን ያሳፍራል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ስለ እንሰቱ ጥቂት እንጨምር። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች «ረሃብን የሚከላከል ዛፍ» በሚል ትርጉም አርእስት ያወጡት ጥናት እንደሚለው፣ ከ40 እስከ 60 እግር የሚሆን የደረሰ እንሰት ከ5 እስከ 6 ሰው ያለበትን ቤተሰብ ለአንድ ዓመት ሊመግብ ይችላል፤ የሚይዘውም ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር ያነሰ ነው። ጤፍ ወይም በቆሎ የዘራ ሰው በአንድ ወር የዝናብ መቅረት የዓመቱን ጉልበት ያጣል። እንሰት ግን ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ በመሆኑ፣ የአንድ ክረምት ጥፋት ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ጎተራው ቆሞ የሚያድግ ጎተራ ነው። ቁልፉ ደግሞ በሴቶች እጅ ነው፤ የሚፍቁት እነርሱ ናቸው፤ ጉድጓድ ውስጥ አብላልተው ቆጮ የሚያደርጉት፣ ቡላውን የሚያጠሉት፣ የትኛው ዓይነት እንሰት ለምን እንደሚሆን የሚለዩት እነርሱ ናቸው። የግብርና መጻሕፍቶቻችን ይህንን ዕውቀት «የቤት ውስጥ ሥራ» በሚለው ምዕራፍ ውስጥ ሲከቱት ስናይ እንገረማለን።

ቡናው ደግሞ የገበያው ወገን ነው። በ2001 እና በ2002 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የቡና ዋጋ እጅግ ዝቅ ብሎ ወደቀ። የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የተቋቋመው በዚያው በ2002 ነው፤ የዶክተር ታደሰ ድርሳንም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። አጋጣሚው ራሱ ትምህርት ነው። ቡናው ሲረክስ ጌዴኦ አልተቸገረም አንልም፤ ጨውና ልብስ፣ የእኛም ደብተርና እስክሪብቶ ከቡና ነው የሚገዛው። ነገር ግን እንሰቱ የኒው ዮርክን ገበያ ወሬ አይሰማም። ሙሉውን ሳያይ ቡናውን ብቻ የሚያጠና ሰው «ይህ ገበሬ በቡናው ቦታ ላይ ለምን እንሰት ያጭቅበታል? ምርቱን ይቀንሳል» ብሎ ይመክራል። ምክሩ ዋጋ ጥሩ በሆነበት ዓመት ብልኅነት ይመስላል።

እንሰት ምንም አይነካውም ብለን ደግሞ ተረት አናወራም። የእንሰትን አጠውልግ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ አገራችን ሰው ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ አስታወቁ። በሽታው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ከታመመ እንሰት ወደ ጤነኛው የሚሄድ ቢላዋ ነው። አሁን ይህን ቢላዋ እንከተለው፤ ቢላዋውን ጎረቤት ከጎረቤት ይዋዋሰዋል፤ መዋዋሱ የመረዳዳት ልማድ ነው፤ ስለዚህ በሽታውን ለማስቆም ስለ ባክቴሪያው ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ጎረቤታሞች እንዴት እንደሚተባበሩም ማወቅ ይጠይቃል። በጌዴኦ ይህን መሰል ጉዳይ የሚመክርበት ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሶንጎ አለ። እንዲህ ሆኖ አንድ የላቦራቶሪ ጥያቄ ተጉዞ ተጉዞ የሽማግሌ ሸንጎ ላይ ይደርሳል።

የመሬት ጥያቄም ከዚህ ውጭ አይደለም። «ሥነ ምህዳር ስለ ዛፍና ስለ አፈር ነው፤ ባለርስትና ጭሰኛ የታሪክ ክፍል ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ነገር ግን ጌዴኦ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ፤ ቡናው ሲስፋፋና ዋጋው ከፍ ሲል የባለመሬቱ ድርሻ ጥያቄ እየከበደ ሄደ። በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ ገበሬዎቹ በዚህ ምክንያት ጦር ይዘው ተነሡ፤ በጦር መሣሪያም ተመቱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገው፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ዛፍ ለመድረስ ሠላሳና አርባ ዓመት ይፈጅበታል፤ በነገው መሬቱ ላይ መተማመን የሌለው ሰው ዋንዛ ለምን ይተክላል? የተከለውን ዋንዛ ያየን እንደሆነ፣ ከግንዱ ቀለበቶች ውስጥ የአገሪቱ ፖለቲካ አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄ ምልክቷ እንመለስ። ምልክቷ ሁለት ፊት አላት።

አንደኛው ፊት ወደ ኋላ ያያል። አምስት ሺህ ዓመት መሆኑን በምን እናውቃለን? እንሰት ለመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት የማይመች ተክል ነው። አካሉ ለስላሳና ውኃ የሞላበት ነው፤ ገበሬው የሚያባዛው ከሥሩ እንጂ ከፍሬው ስላልሆነ እንደ ገብስ ወይም እንደ ስንዴ የከሰለ ዘር በምድጃ አጠገብ አይገኝለትም። ስለዚህ የጥንት ስንዴ ምስክር ሲተው፣ የጥንት እንሰት ዝም ብሎ ይበሰብሳል። ያም ሆኖ የዚህ ምድር ዕድሜ በተመረመረ ቁጥር ወደ ኋላ ሲሸሽ እናያለን። በቱቱ ፈላ፣ በጨልባ ቱቱቲና በሌሎችም ቦታዎች የቆሙት ትክል ድንጋዮች ከአንድ ሺህ ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ እንዳላቸው ይገመት ነበር። አሸናፊ ዜና የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ግን በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት በሳካሮ ሶዶ ያሉት እስከ መጀመሪያው መቶ ዓመት ዓ.ም. ገደማ እንደሚደርሱ አሳዩ። በአንድ ጥናት ሺህ ዓመት ተጨመረ። በእርግጥ ድንጋዩን የተከለው ሰው ምን ይበላ እንደነበር ድንጋዩ አይነግረንም፤ ድንጋይና እንሰት አጠገብ ለአጠገብ በመቆማቸው ብቻ እኩያሞች ናቸው ማለትም የችኮላ ፍርድ ነው። ዶክተር ታደሰ ቁጥሩን ጽፈው ከኋላው የጥያቄ ምልክት ማኖራቸው ለእኛ የታማኝነት ምልክት መስሎ የታየን በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ገዛ ወገኑ የሚጽፍ ሰው ያንን ምልክት ለመተው ምን ያህል እንደሚፈተን እናውቃለን፤ እኛ ብንሆን ኖሮ ሳንተወው አንቀርም ነበር።

ሁለተኛው ፊት ወደ ፊት ያያል፤ እርሱም የበለጠ ያስፈራል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር። የዞኑ ስፋት 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ያውም አብዛኛው ገጠር ነው፤ ያውም ገደላማ ነው። ይህን ሁሉ ሰው የተሸከመው ያው ጓሮ ነው። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፤ መሬቱ ግን ያው ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጽሑፉን ስናዘጋጅ በመካከላችን ጠብ የሚመስል ክርክር ተነሣ፤ ደብቀን ማለፍ አልፈለግንም። ከእኛ አንዱ የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ወንድሞቹ ብዙ ናቸው፤ ለእርሱ የሚደርሰው የአባቱ መሬት ቁራጭ በእርምጃ የሚለካ ነው። «እናንተ ስለ ሙሉው ትጽፋላችሁ» አለን። «ሙሉውን ማየት ሙሉ መሬት ላለው ሰው ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ ላይ ባሕር ዛፍ ብተክል በጥቂት ዓመት ገንዘብ አገኛለሁ። ጫት ብተክል ደግሞ በዓመት ደጋግሜ እሸጣለሁ። እንሰትና ዋንዛ ብተክል ማን ይጠብቀኛል?» ወዲያው መልስ የሰጠው አልነበረም። ቆየት ብሎ አንዱ የደን ቁራጩን ሐሳብ አንሥቶ እንዲህ አስረዳ። በየዓመቱ የደረሰ እንሰት ለመብላት በየዓመቱ የተተከለ እንሰት ጎን ለጎን መኖር አለበት። ስድስት ዓመት የሚፈጅ ከሆነ ቢያንስ ስድስት ዕድሜ ያለው እንሰት በአንድ ጊዜ መቆም አለበት። መሬቱ ከአንድ ልክ በታች ከጠበበ ግን ይህ ሰንሰለት አይገባበትም፤ ያን ጊዜ ሰውዬው ያልደረሰውን ለጋ እንሰት ይነቅላል፤ ለጋው ጥቂት ስለሚመግብ በብዛት ይነቅላል፤ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ከዚያ የባሰ ለጋ ይነቅላል። እንግዲህ ሥርዓቱ የሚፈርሰው ሰዎቹ ዕውቀቱን ስለረሱ አይደለም። ዕውቀታቸውን ይዘው፣ እያወቁ፣ እያዘኑ ያፈርሱታል። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» ብሎ ዝም አለ።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉም አይተናል። ግጭቱ ብዙ ምክንያት ያለው ነውና ሁሉንም በመሬት ጥበት ላይ አናላክክም። ሰው ሲፈናቀል ግን ጓሮው ብቻውን እንደማይቆይ፣ የእንሰቱ ተራ እንደሚዛባ ግልጽ ነው።

ስለ ምርምሩ ዘዴም የማንስማማበት አለ። ሁሉም ከሁሉም ጋር የተያያዘ ነው ማለት ቀላል ነው፤ የትኛው ማያያዣ ቢበጠስ ምን እንደሚሆን መናገር ግን ከባድ ነው። ሙሉውን አያለሁ የሚል ሳይንስ መለካትን ከናቀ ወደ ስብከት ይወርዳል። ስለዚህ ከዶክተር ታደሰ በኋላ የመጡትን ቆጣሪዎች ከእርሳቸው ለይተን አናያቸውም። ዶክተር መሰለ ነጋሽ ከእሸቱ ይርዳውና ከፊንላንዳዊው ሉካነን ጋር ሆነው በዚሁ ተዳፋት ላይ ያለውን ጓሮ መርምረው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት 58 ዓይነት እንጨትነት ያላቸው ዕፀዋት መዘገቡ፤ ከእነዚህም 86 በመቶው የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ጓሮውንም በሦስት ከፈሉት፤ በደጋው እንሰትና ዛፍ፣ በመካከሉ እንሰት፣ ቡናና ዛፍ፣ በዝቅተኛው ደግሞ ፍራፍሬ፣ ቡናና ዛፍ። እዚህ ላይ ነው «ጓሮው ደን ነው» የሚለው ቃል ቁጥር ያገኘው። ሰው በዚህ ብዛት በሚኖርበት ምድር ላይ የአገር በቀል ዛፍ መጠጊያ የሆነው የተከለለ ደን ሳይሆን የገበሬው ደጃፍ መሆኑን ማን ይገምት ነበር?

የገበሬውን ዕውቀት ለሳይንስ እኩያ አድርጎ በማቅረብ ዶክተር ታደሰ ብቻቸውን አይደሉም። በ1940 (እ.ኤ.አ.) ተወልደው በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ የዘርና የዕፀዋት መብት የገበሬው ማኅበረሰብ ነው ብለው በዓለም መድረክ ሲሟገቱ ኖረው በ2000 (እ.ኤ.አ.) የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። አንዱ በዓለም ሸንጎ፣ ሌላው በአንድ ተዳፋት ላይ የሠሩት ሥራ ወንድማማች ነው። እኛ ለሁለተኛው የምናደላው ቅርባችን ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ክርክር ሲነሣ ተነሥተን በእግራችን ሄደን ልናየው ስለምንችል ነው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ዛፉን፣ በየተራራው ያሉትን የተከበሩ ደኖችና ትክል ድንጋዮቹን በአንድነት። በዚያ ቀን ዲላ ውስጥ የነበረን ሁሉ ደስታውን እናስታውሳለን። ነገር ግን ሐውልት ቢመዘገብ አጥር ይሠራለታል፤ ጓሮ ቢመዘገብ ምን ይሠራለታል? የሚጠበቀው በየቀኑ እየተነቀለ፣ እየተተከለ፣ እየተበላ ነው። መነቀሉን ያቆመ ቀን ቅርሱም ያን ቀን ይቆማል። የተመዘገበው እንግዲህ ዕቃ ሳይሆን ሥራ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ያ የመሬቱን ቁራጭ በእርምጃ የለካው ጓደኛችን ነው፤ ወይም ትቶት ወደ ከተማ የሚሄደው።

ያቺ እናት ጓሮአቸውን እንደገና ለመክፈት ፈቅደውልናል። የመጀመሪያውን ቁጥራችንን፣ የተሰረዙትን «አረሞች» ጭምር፣ አስቀምጠነዋል። በየዓመቱ በየካቲት ወር በዚያው በ10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ላይ የእንሰቱን ዕድሜ በየተራው ለመመዝገብ አስበናል፤ ስንቱ ለጋ እንደተነቀለ፣ ስንቱ እንደተተከለ፣ ባሕር ዛፍ ገብቶ እንደሆነም። ያ ጓደኛችንም ከአባቱ መሬት የሚደርሰውን ቁራጭ ሁለተኛ መመዝገቢያ እንድናደርገው ሰጥቶናል፤ ምን እንደሚተክልበት ገና አልወሰነም። መምጣት የሚፈልግ በየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በዋናው በር ይገኝ። ገመድ አለን፤ ጌዴኡፋ የሚናገር ሰው ያስፈልገናል።